ገላባት ላይ ያልቀናው መኮንን

ከገዳሪፍ ተነስቶ በዶካ በኩል ወደ መተማ የተጓዘ ሁሉ ገላባትን ያውቃታል። ኾሩን ሲሻገሩ መተማ ዮሐንስ ናት። ተማሪዎቻችን አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚያ መሆኑን ተምረዋል። እኛ ደግሞ በዚያው ቦታ ስላልቀናው እንግሊዛዊ፣ ስለ ዊሊያም ስሊም፣ እንዲማሩ እንፈልጋለን።

ስሊም የተወለደው በ1883 ዓ.ም. ነው። ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም። ወታደር ከመሆኑ በፊት በርሚንግሃም ውስጥ የድሃ ልጆች አስተማሪ ነበር (መምህሮቻችን ይህን ልብ ይበሉልን!)፣ ቀጥሎም የአንድ ብረታ ብረት ድርጅት ጸሐፊ።

ጣሊያን ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ገላባትን ያዘች። ስሊም የ10ኛው የህንድ ብርጌድ አዛዥ ሆኖ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ አጠቃ። የጋርዋል ወታደሮች ምሽጉን ያዙ፤ መተማ ግን አልተያዘችም። ታንኮቹ በፈንጂና በድንጋይ ተሰናከሉ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ሰማዩን ተቆጣጠሩ፣ ከአንድ የእንግሊዝ ሻለቃ ብዙዎች ደንግጠው ሸሹ። ስሊም ከምሽጉ ለቆ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ራሱ እንደጻፈው፣ ሰበብ መደርደር ይችል ነበር፤ ምክንያቱ ግን እርሱ ራሱ ነበር፤ ከሁለት መንገድ ድፍረት የሚጠይቀውን ትቶ ፍርሃቱን ሰማ።

አለቆቹ አላባረሩትም። ኤርትራ ውስጥ ቆሰለ፣ በ1934 ወደ በርማ ተላከ። እዚያም የገጠመው መጀመሪያ ረጅም ማፈግፈግ ነው። በ1936 ግን ኢምፋልና ኮሂማ ላይ የጃፓንን ጦር ሰበረ፤ በ1937 ሠራዊቱ ወደ ራንጉን ገሰገሰ። ኋላም የእንግሊዝ ጦር ኤታማዦር ሹም፣ ፊልድ ማርሻል፣ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ገዥ ሆነ።

ሐውልት ይቁምለት አላልንም። የተዋጋው ለእንግሊዝ እንጂ ለእኛ አይደለም፤ ምሽጉን የያዙትም ከሂማላያ ተራሮች የመጡ የህንድ ልጆች ናቸው። ስሙን ያነሳነው ውጤት በተነገረ ሰሞን ስለምናየው ነገር ነው። የወደቀው ልጅ «ይህ ትምህርት አይገባውም» ይባልና ለሰሊጥ አጨዳ ይላካል። ልጅቷ ሻይ ልታፈላ ትወጣለች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም መዝገባችን ላይ የሉም።

ልዩነቱ አይጠፋንም። ከስሊም ጀርባ መንግሥት ነበረ፤ ከብዙ ተማሪዎቻችን ጀርባ ያለው በቀን ሥራ የሚያድር አባት ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ኑሮውን አክብዶታል፤ ከካርቱም ተፈናቅለው የመጡት ልጆች ብዙ ወር ያለ ትምህርት ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ልጅ በአንድ ፈተና ቢወድቅ ምን ይገርማል? ክፍል መድገም ነውር ሆኖ መቆጠሩን እንቃወማለን። ትምህርት ቤቱም የወደቁትን ስም በር ላይ መለጠፉን ይተው፤ በክረምት ማጠናከሪያ ይክፈትላቸው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጁን ወደ እርሻ ከመላካችሁ በፊት ክፍል ኃላፊውን አነጋግሩ። የትኛው ትምህርት እንዳቃተው፣ ስንት ቀን እንደቀረ መዝገቡ ላይ አለ።