የምንዘላት አንቀጽ

በትምህርት ቤታችን መድረክ የኢጣልያውን መልእክተኛ አንቶኔሊን የሚጫወተው ልጅ ፊቱን ዱቄት ይቀባ ነበር። ከካርቶን የተሠራ ባርኔጣ ይደፋል፤ ከአባቱ የተዋሰው ኮት እስከ ጉልበቱ ይወርዳል። አስተርጓሚው ከጎኑ አጎንብሶ ይቆማል፤ ገና አፉን ሳይከፍት አዳራሹ በፉጨት ይናጋል። አንቶኔሊ በዓይኑ ይጠቅሰዋል፣ የውጫሌ ውል ወረቀት ይዘረጋል፣ ምኒልክ ማኅተማቸውን ያሳርፋሉ። ከዚያ እቴጌ ጣይቱ ይቆጣሉ፣ ነጋሪት ይጎሰማል፣ ዓድዋ ይሆናል። ሁሉም ሃያ ደቂቃ አይሞላም። አንድ ዓመት «አንቀጽ 3ም ይነበብ» ብዬ ድራማውን ለሚያዘጋጀው ሰው ባመለክት፣ «እሱን ተወው፣ ድራማውን ያበላሽብናል» አለኝ። ያበላሻል የተባለችው አንቀጽ፣ ነገሩን ድራማ የምታደርገው እርሷ ብቻ መሆኗን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል። ውሉ የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ ከከተማዋ ብዙም አይርቅም። የውጫሌ ስም በተነሣ ቁጥር ግን ከአፍ ቀድሞ የሚወጣው 17 ቁጥር ነው። ውሉ 20 አንቀጽ እንዳለው የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በአንቀጽ 17 አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ይህ እውነት ነው፤ ማጭበርበሩም ማጭበርበር ነው። ችግሩ ታሪኩን እዚያ ጀምረን እዚያው መጨረሳችን ነው። ጥፋቱ የአንቶኔሊ ተንኮል፣ ሲብስም የአስተርጓሚው የግራዝማች ዮሴፍ ሆኖ ያርፋል።

ይህ የውጫሌ ብቻ አመል አይደለም። በእኛ ወግ ታላቅ ሰው አይሳሳትም፤ ይከዳል እንጂ። አጤ ቴዎድሮስን የጣሉት ከዳተኛ መኳንንት ናቸው፤ ልጅ ኢያሱን የጣላቸው ሤራ ነው። የወሎ ሰው ግን ሌላም ነገር ያውቃል። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወረሂመኗ ገዥ በወርቂቱ አገር ሲያልፉ፣ በመቅደላ ታስሮ የነበረው ልጇ በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደለ። ያን ትእዛዝ የሰጠ ከዳተኛ አልነበረም። የቴዎድሮስን ውድቀት ሲጽፍ ወርቂቱን የሚረሳ ደራሲ የአንድ ጀግና ሙሾ ይጽፍ ይሆናል፤ ትራጄዲ ግን አልጻፈም።

ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ልብ በሉ። ማክቤዝም የሚጠፋው ሁለት ፍቺ ባለው ቃል ነው። በጠንቋዮች ትንቢት ከሴት የተወለደ አይጎዳህም ተብሎ ነበር፤ ጠላቱ ከእናቱ ሆድ ተቀዶ የወጣ ሆኖ ተገኘ። ጫካው ካልተነሣ አትሸነፍም ተብሎ ነበር፤ ወታደሮች ቅርንጫፍ ተሸክመው መጡበት። የአንቀጽ 17 ታላቅ እህት ይህች ሁለት ፍቺ ያላት ትንቢት ናት። ሆኖም ማክቤዝን አይቶ የወጣ ሰው «የጠንቋዮች ድራማ አየሁ» አይልም። ጠንቋዮቹ ትነግሣለህ አሉት እንጂ ንጉሥ ዳንካንን ግደል አላሉትም። ሼክስፒር የሚያቆየን ከግድያው በፊት ባለችው ሌሊት ላይ ነው፦ ሰውየው ንጉሡ ዘመዱም፣ እንግዳውም መሆናቸውን እያሰበ ያመነታል፤ ከዚያ እያወቀ ይገባበታል። ያቺ ሌሊት ከወጣች ማክቤዝ የሟርት ተረት ሆኖ ይቀራል።

ጎቲክ የሚባለው የእንግሊዝ ድርሰት ደግሞ ውልን ይወዳል። በማቲው ሉዊስ «መነኩሴው» (እ.ኤ.አ. 1796) አምብሮዚዮ ከእሳት ፍርድ ለማምለጥ ነፍሱን ለሰይጣን ይፈርማል። ሰይጣኑ ከእስር ቤት ካወጣው በኋላ፣ ወደ ክፍሉ ሲመጡ የነበሩት ጠባቂዎች ምሕረት ይዘው እንደነበር ይነግረዋል። ውሉን አላፈረሰም፤ የተባለው ከእስር ማውጣት ነው፣ አውጥቶታል። ተንኮሉ ያንገበግባል፤ ነገር ግን ደራሲው መጽሐፉን ሁሉ ያዋለው መነኩሴው እስክሪብቶውን እስከሚያነሣባት ደቂቃ ድረስ በምን መንገድ እንደመጣ ለማሳየት ነው። ውጫሌ ያለችበት አምባሰልም ለዚህ ዓይነቱ ጨለማ ባዕድ አይደለችም፤ የንጉሥ ልጆች ዘውድ እንዳይመኙ የተጋዙባት ግሸን አምባ እዚሁ ናት፤ ዘርዓ ያዕቆብም ከዚያ ወርደው ነው የነገሡት።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። መጋቢት 1881 አጤ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ፤ አልጋቸውን ለራስ መንገሻ ተናዘዙ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ይስማ ንጉሥ ላይ ከኢጣልያ ጋር ተዋዋሉ። በውሉ ላይ የሰፈሩት ንጉሠ ነገሥት ተብለው ነው፤ እንጦጦ ላይ ዘውድ የጫኑት ግን ገና በጥቅምት 1882 ነበር። ወዳጅነቱም የዚያን ቀን አልተጀመረም፤ በ1880 ኢጣልያ ከዮሐንስ ጋር ስትጋጠም ገለልተኛ እንዲሆኑ 5000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። በአንቀጽ 3 ደግሞ ሐላይ፣ ሰገነይቲና አሥመራ ከኢጣልያ ወሰን ውስጥ እንዲሆኑ ተጻፈ። ክረምቱ ሳይወጣ ጣልያኖች አሥመራ ገቡ። በ1882 መግቢያ ደጃዝማች መኰንን ኢጣልያ ተሻግረው ተጨማሪ ውል ሲፈርሙ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተገኘ። አንቀጽ 3ን ያጣመመ አስተርጓሚ የለም። አሥመራ በጣልያንኛም አሥመራ ናት።

«ምን ያድርጉ ታዲያ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ጣልያን ከ1877 ጀምሮ ምጽዋ ላይ ነበር፤ ከመረብ ወንዝ ማዶ ያለው መረብ ምላሽ በምኒልክ እጅ አልነበረም፤ ከብቱ አልቆ ክፉ ቀን ገብቶ ነበር፤ በወዳጅነቱ ዘመን የተሰበሰበው መሣሪያም በኋላ ለዓድዋ ሆነ። ይህ ሁሉ ክርክር መድረክ ላይ ይውጣ። ትራጄዲ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሚዛኑ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ እንጂ ማን እንደተፈረደበት አያሳይም። ይልቅ ንጉሠ ነገሥቱን የሚያዋርደው የእኛ ድራማ ነው፤ በአንድ ግሥ የሚታለሉ የዋህ ያደርጋቸዋል። በአንድ እጃቸው ዘውድ፣ በሌላው አገር ይዘው ያመዛዘኑ፣ ዋጋውንም እያወቁ የከፈሉ ሰው ናቸው ማለት እጅግ ይበልጥ ያከብራቸዋል።

ዋጋውን ግን የከፈለው ሌላም ሰው ነው። ምኒልክ በ1885 ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ አንቀጽ 17 በደም ታጠበች። አንቀጽ 3 ግን አልታጠበችም፤ በጥቅምት 1889 በተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ኤርትራ ከኢጣልያ ጋር ቀረች። ለኢጣልያ ጦር ከዚያው አገር የተመለመሉ፣ ዓድዋ ላይ የተማረኩ በመቶ የሚቆጠሩ አስካሪዎችም ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ቅጣቱ የከዳተኛ ቅጣት ነው። ከዳተኛ ለመባል ግን መጀመሪያ የአገር ልጅ መሆን ያሻል፤ ከሰባት ዓመት በፊት ደግሞ ስንቱ ከነመንደሩ በማኅተም ተሰጥቶ ነበር። ሼክስፒር ይህን ቢያገኝ ኖሮ አምስቱንም ገቢር እዚህ ላይ ይገነባ ነበር። እኛ አጎንብሶ የሚቆም አስተርጓሚ ፈልገን እናፏጭበታለን።

የመጪውን የካቲት ድራማ የሚያዘጋጅ ሰው ካለ፣ ዱቄቱን ለእንጀራ ይተወው። ድንኳን ይትከል፤ መብራቱን ይቀንስ። አስተርጓሚው ቀና ብሎ ሦስቱን ስሞች ቀስ እያለ ያንብብ፦ ሐላይ፣ ሰገነይቲ፣ አሥመራ። ከዚያ ማኅተሙ በምኒልክ እጅ ላይ ትንሽ ይቆይ። አዳራሹ በዚያች ጸጥታ ማን ላይ እንደሚያፏጭ ግራ ከገባው፣ ቦታው ስሙን አገኘ ማለት ነው፦ ይስማ ንጉሥ።