የሞባይል አፕ የሠራ ልጅ ዌብ ላይ ይቀጠራል?

ሰሞኑን ሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የአክስቴ ልጅ ራሱ የሠራውን የአንድሮይድ አፕ አሳየኝ። ሽንኩርትና ማሾ ነጋዴዎች ዱቤ የሚመዘግቡበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የዌብ ዴቨሎፐር ቅጥር መውጣቱን ስነግረው ግን «ተው ባክህ፣ እኔ የሞባይል ነኝ» አለኝ። ሥራ ካጣ ሐሳቡ አረብ አገር መሄድ ነው። እናም ጥያቄው ለኛ ቤት ቀልድ አይደለም።

ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ሥልጠናን ለሁለት ይከፍላል፦ የትም የሚያገለግልና እዚያው የተማርክበት ቤት ብቻ የሚያገለግል። የልጁን እውቀት በዚህ ዓይን እንየው።

የትም የሚሄደው ብዙ ነው። ዳታቤዝ ማደራጀት፣ ከሰርቨር ጋር መነጋገር፣ የይለፍ ቃል አያያዝ፣ ስህተት አድኖ ማረም፣ ጊት መጠቀም ዌብ ላይም ያው ናቸው። የማይሄደው ኮትሊንና የአንድሮይድ ስክሪን አሠራር ነው። በምትኩ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት መማር፣ አንድ ገጽ በትንሽ ስልክም በትልቅ ኮምፒውተርም እንዳይበላሽ ማድረግ አለበት። በሪአክት ኔቲቭ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ጃቫስክሪፕቱን ስለሚያውቅ መንገዱ ያጥርለት ነበር።

ደግሞ አጥሩ ራሱ ሳስቷል። በ2016 ጣታችን እስኪደነዝዝ የነካካነው ሐምስተር ኮምባት አፕ ይመስላል እንጂ ቴሌግራም ውስጥ የሚከፈት ዌብ ገጽ ነው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያየ ልጅ፣ አፑን ያለ ኔትወርክ እንዲመዘግብ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሰርቨር እንዲልክ አድርጎ ነው የሠራው። ዌብ ላይም ይህ ሥራ አለ፤ ሰርቪስ ወርከር በሚባል ዘዴ ይሠራል። ፈጣን ዋይፋይ ላይ ብቻ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ትዝ አይለውም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ማስረጃው ላይ። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም አንድሮይድንም ፕሮግራሚንግንም ያስተምራል፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ ግን ያን ሰርተፍኬት ብዙ ሰው ይይዘዋል። ቀጣሪ የሚያምነው ከፍቶ የሚያየውን ሥራ ነው። የማያውቀውን አፕ ስልኩ ላይ ለመጫን ያመነታል፤ ሊንክ ግን ወዲያው ይነካል።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ ያልኩትን ለእናንተም ልበል፦ አዲስ ሐሳብ አትፈልጉ። ያንኑ የዱቤ መዝገብ ዌብ ላይ ድገሙት። ሐሳቡን ስለምታውቁት የምትታገሉት ከአዲሱ ቋንቋ ጋር ብቻ ነው። ቀላል ነው አልልም፤ ላፕቶፕ ይጠይቃል፣ መብራትም ይጠፋል፣ ወራትም ይወስዳል። ከዜሮ መጀመር ግን አይደለም።

ልጁ «እስቲ እሞክረዋለሁ» ብሎኛል። ማመልከቻውን ግን ገና አላስገባም፤ መጀመሪያ ሊንኩን ሊልክልኝ ቃል ገብቷል።