ሴት አዋላጅ ከየት ትምጣ?



ውድ አንባቢያን! በቅርቡ ዱርቤቴ ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት ከመስጊድ ደጃፍ አቆሙን። «ኡስታዝ! የልጄ ሚስት ቀኗ ደርሷል። ጤና ጣቢያ ብንወስዳት ወንድ ያዋልዳታል ብለን ፈራን። ሴት አዋላጅ ከየት እናምጣ?» አሉን። የሐያእ ጥያቄ ነውና አልነቀፍነውም። ሴት ባለሙያ ስትጠፋና ነፍስ ሲያሰጋ ዑለማዎች ወንድ ሐኪምን እንደ ፈቀዱ ነግረናቸው፣ ምጥ እንደ ጀመራት ሳይዘገዩ እንዲወስዷት ለመንናቸው። ከዚያም፣ «ሐጂ፣ ትንሿ ልጅዎስ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» አልናቸው። «ከ8ኛ አስቀርተናታል» ብለው አቀረቀሩ።

የዛሬው ርእሳችን ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ በ1959 ዶክተር ሬጂናልድ ሀምሊን ከኒውዚላንድ፣ ባለቤታቸው ዶክተር ካተሪን ከአውስትራሊያ፣ አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ መጡ። በዚያም ቀናት በፈጀ ምጥ ሳቢያ ፊስቱላ ይዟቸው ሽንታቸው የሚፈስባቸውን እናቶች አገኙ። በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ፤ በ2005 ለእኛ ቅርብ በሆነው ባሕር ዳር ማዕከል ተከፈተ። ይሁንና ቀዶ ጥገና የተጎዳችውን ይጠግናል እንጂ ጉዳቱን አስቀድሞ አይከላከልም። የሚከላከለው በጊዜ የደረሰ አዋላጅ ነው። ስለዚህም በ2007 የሀምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከገጠር የተመለመሉ ተማሪዎች ተምረው ገጠሩን ሊያገለግሉ ይመለሳሉ።

ዛሬ ደግሞ ትብብሩ በምርምርም ሆኗል። የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከታንዛኒያ ባለሙያዎች ጋር ከ200 ሺህ በላይ ወላዶችን ያካተተ ጥናት አድርገው በ2023 ውጤቱን አወጡ። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም በዓይን ከመገመት ይልቅ፣ ከወላዷ ሥር በሚነጠፍ መለኪያ ባለው ፕላስቲክ ይለኩታል። መጠኑ ሲያልፍ ማሕፀን ማሸት፣ መድኃኒትና በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ የደሙን ምንጭ መመርመር፣ ሁሉም በአንድነት ይጀመራል። በዚህ ዘዴ ከባድ የደም መፍሰስና ተያይዞ የሚመጣው አደጋ በ60 በመቶ ቀነሰ። በአገራችንም በ1992 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሚድዋይፎች ማኅበር የዓለም አቀፉ የአዋላጆች ኮንፌዴሬሽን አባል ነው።

ግን ውድ አንባቢያን! ይህ ሁሉ ዕውቀት ወላዷ ዘንድ የሚደርሰው በአዋላጅ እጅ ብቻ ነው። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የተወለዱት ገና ግማሽ ያህሉ ነበሩ።

ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» በተሰኘው ኪታባቸው ሕክምናን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረውታል፤ ሙስሊሞች እርሱን ትተው ወደ ፊቅህ ብቻ በመጉረፋቸውም ወቅሰዋል። ይህ ከተጻፈ ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በላይ ሆነው፤ ወቀሳው ግን ዛሬም ይነካናል። ለሚስታችን ሴት አዋላጅ እንሻለን፤ ልጃችንን ግን ከ8ኛ ክፍል እናስቀራለን። ታዲያ የእኛ ልጅ ካልተማረች የማን ልጅ ተምራ ትምጣልን?

አባቶች! ሴት ልጃችሁን ከመድረሳም ከትምህርት ቤትም አታስቀሩ። እህቶች! ሳይንስን አትፍሩ፤ የእናት ነፍስ ማዳን በኒያ ከተሠራ ዒባዳ ነው።

እኚያ አባት ልጃቸውን መልሰው እንደሚያስመዘግቡ ቃል ገብተውልናል። አላህ (ሱ.ወ) ያጽናቸው፤ ለነፍሰ ጡር እህቶቻችንም ያግራላቸው። አሚን።