ሴቭድ ሜሴጅ ካዝና አይደለም!

ሰላም ወገኖቼ፤ ካርቱም የቀራችሁም፣ ገዳሪፍና ፖርት ሱዳን ያላችሁም፣ ካይሮና ካምፓላ የደረሳችሁም፣ አገር ቤት ሆናችሁ ለኛ የምትጨነቁ ቤተሰቦችም። ዛሬ ማስታወሻችንን ስለምናስቀምጥበት አፕ ልጽፍ ነው። "በዚህ ጊዜ ስለ አፕ ታወራለህ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ አወራለሁ! የኬዝ ቁጥራችን፣ የኢንተርቪው ቀጠሯችን፣ በከሻ የተያዙ ልጆች ስም፣ የዘመድ ስልክ፣ ማን ለማን ስንት እንደላከ፣ ሁሉም ያለው ስልካችን ውስጥ ነው። አንድ ስልክ ሲያዝ የሚጋለጠው ባለቤቱ ብቻ አይደለም።

አብዛኞቻችን ይህን ሁሉ የምንጥለው ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ነው። "ነፃ ነው፣ ከየትኛውም ስልክ ይከፈታል፣ ምን ችግር አለው?" ይሉኛል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሴቭድ ሜሴጅ መክፈቻ ቁልፍ ያለው ኩባንያው ጋ ነው። ቴሌግራም ላይ ኩባንያው ራሱ ሊያነበው የማይችለው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ አይሻገርም። ሁለተኛው ይብሳል። አካውንቱ የሚከፈተው በስልክ ቁጥር ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ስንቶቻችን ነን በራሳችን ስም ሲም ያለን? በአሠሪ፣ በጎረቤት፣ በደላላ ስም ነው የያዝነው። ያ ሰው ነገ "ሲሜ ጠፋ" ብሎ ምትክ ቢያወጣ፣ የመግቢያ ኮዱ የሚመጣው ለእሱ ነው። ተጨማሪ ፓስወርድ ያላደረገ ሰው ጓዳውን ከፍቶ ሰጠ ማለት ነው።

"እኔ የምደብቀው የለኝም" የሚሉም አሉ። ወንድሜ፣ የሌላውን ሰው ስም ይዘህ እንዲህ ማለት አትችልም። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የጣልያኑ የስለላ ሶፍትዌር ሻጭ የሃኪንግ ቲም ሰነድ ሲዘረገፍ፣ ከደንበኞቹ መካከል ኢትዮጵያም ሱዳንም ተገኝተዋል። የሸሸነው መንግሥትም የተጠጋንበትም አንድ ሱቅ ነበር የሚሸምቱት።

"ትልቅ ኩባንያ ነው፣ ይታመናል" የምትሉስ? ኤቨርኖት በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሠራተኞቹ የደንበኛን ማስታወሻ ማንበብ የሚችሉበትን ደንብ አወጣ፤ ሰው ሲጮህበት ነው በቀናት ውስጥ የተወው። ጎግል ኪፕም የሚቆለፈው በጎግል ቁልፍ ነው።

ታዲያ ምን እንምረጥ? የእኔ መስፈርት አራት ነው።

1. ቁልፉ እናንተ ጋ ብቻ ይሁን። ፓስወርዱን ብትረሱ ኩባንያው ራሱ ሊከፍተው የማይችል መሆን አለበት።
2. በስልክ ቁጥር ሳይሆን በኢሜይልና በፓስወርድ የሚከፈት ይሁን። ኢሜይሉንም አትርሱት፤ ጎግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ ይችላል።
3. ያለ ኔትዎርክ ይሥራ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ የሞባይል ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ጠፍቶብናል። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻም ዜይን፣ ሱዳኒ፣ ኤምቲኤን ተከታትለው ጸጥ አሉ። ስታርሊንክ ያለበት ቦታ እስክትደርሱ ማስታወሻው ስልኩ ላይ ይጠብቃችሁ።
4. የጻፋችሁትን በፈለጋችሁ ጊዜ በነፃ አውጥታችሁ ወደ ሌላ መውሰድ የምትችሉበት ይሁን።

አራቱንም የሚያሟላው ስታንዳርድ ኖትስ ነው፤ ነፃው ብቻ ይበቃል። ጆፕሊንም ጥሩ ነው፣ ግን ቁልፉ ከመጀመሪያው አይበራም፤ ሴቲንግ ገብታችሁ ኢንክሪፕሽን የሚለውን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ሳያበሩ "ጆፕሊን እጠቀማለሁ" የሚሉ ሰዎች ከሴቭድ ሜሴጅ ብዙም አልራቁም።

አሁን ዋናው ነገር። ከዚያ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቅዳም ሹር ጀምሮ ኬላ ላይ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። "ስልክህን ክፈት" ይባላል፣ ይከፈታል። መሣሪያ የያዘ ሰው ፊት የትኛውም አፕ አያድናችሁም። የሚያድነው ስልኩ ላይ ምንም አለመኖሩ ነው። በብዙ ስልክ የሚከፈት አፕ የምፈልገውም ለምቾት ሳይሆን ለዚህ ነው። መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ኔትዎርክ ባለበት አፑን ክፈቱ፣ የጻፋችሁት ሁሉ ወደ ሰርቨር መሄዱን አረጋግጡ፣ ሳይን አውት አድርጉ፣ አፑን አጥፉ። ሳይሄድ ከወጣችሁ ግን የጻፋችሁት ይጠፋል፤ ይህን ልብ በሉ። ከዚያ ስልኩ ቢወሰድም ገዳሪፍ ስትደርሱ በተውሶ ስልክ ሁሉንም ታገኙታላችሁ።

ፓስወርዱ ረጅም ይሁን፤ አራት አምስት የማይገናኙ ቃላት፣ በቃል የሚያዝ። የእናት ስም፣ የትውልድ ዓመት አይሁን። ስልክ ጀርባ ላይ ለጥፎ መዞርም የለም!

በየግሩፑ የሰው ኬዝ ፎቶ የምትለጥፉ "አስተባባሪዎች"ም አደብ ግዙ። ዝርዝር የምትይዙ ከሆነ ተቆልፎ ይያዝ፤ ካልቻላችሁ አትያዙ።

ፓስወርዱን እንዴት እንደምታዘጋጁ ያልገባችሁ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አብረን እናደርጋለን። ፓስወርዱን ራሱን ግን እንዳትልኩልኝ፤ ለእኔም ቢሆን። ሼር አድርጉት፤ ፌስቡክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች ካሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ክፈቱላቸው።