ምጣዱ ያልሰማው ጥናት

እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ አብረን እንሥራ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 3.5 እንበለው። አንድ ሚሊዮን ቤት በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት እንጀራ ልጋግር ካለ 3,500 ሜጋዋት ይፈልጋል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ከሁለት ሦስተኛው በላይ ምጣድ ላይ አለቀ ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን ቤት ደግሞ ለዚህ አገር ጥቂት ነው።

ግድቡን ላሳንስ አይደለም። የምርቃቱ ቀን እኔም ስልኬ ላይ ተጥጄ ነው የዋልኩት። የምለው ሌላ ነው፦ የኃይል ሽግግራችን ዕጣ የሚወሰነው ተርባይኑ ጋ ብቻ ሳይሆን ማድ ቤትም ውስጥ ነው። ማድ ቤቱን ማጥናት ያለባቸው ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ናቸው።

ያጠናሉ፣ አይካድም። እኔም አጥንቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፋችን የምጣድ ሙቀት ብክነት ላይ ነበር። ለካን፣ ጻፍን፣ አቀረብን፣ ተጨበጨበልን። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ የሠራነው ምጣድ ላብራቶሪው ጥግ ላይ የዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። እናቴ ዛሬም የምትጋግረው በድሮው ምጣድ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በእንጨት፣ ዓይኗን እያሸች። ጽሑፋችንን ባቀረብንበት ቀን አዳራሹ ውስጥ አንድም ምጣድ ሠሪ አልነበረም። የጠራው የለም። እኛም አልጠራንም።

ይህ የእኛ ስንፍና ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በፀሐይ እንጀራ መጋገር እንደሚቻል አሳይተዋል፦ ጨረሩን ሰብስበው፣ ሙቀቱን በእንፋሎት ወደ ምጣዱ አድርሰው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም እንዲያገለግል ጨው ውስጥ አቆይተው። ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ምርምር «ይቻላል» ካለ በኋላ ዱላውን የሚቀበለው ማነው? በርካሽ የሚያመርተው ብየዳ ቤት፣ በዱቤ የሚሸጠው ማኅበር፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ልጅ የት አሉ? እኛ ትብብር ስንል ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር መፈራረም ማለታችን ነው። ከግቢው አጥር ውጭ ካለው ብየዳ ቤት ጋርስ ማን ተፈራረመ?

«ገንዘብ የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይሁን። ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣውን «ምርጥ» ምድጃ አስታውሱ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ የሚቆጥብ ምድጃ ነው። የተስፋፋው የሰፈር አምራቾች ሠልጥነው እየሠሩ ስለሸጡት ነው። ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ማንም ስሙን አያውቀውም ነበር።

ወደ ዴንማርክ ብንሄድም ያው ነው። የነፋስ ተርባይን ከጀመሩት መካከል አናጺዎችና ብረት ሠሪዎች ነበሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሪሶ የተባለው የምርምር ተቋም የመፈተሻ ጣቢያ ከፈተ፤ መንግሥትም የገዢውን ወጪ 30 በመቶ የሚደጉመው ጣቢያው ያጸደቀውን ተርባይን ለገዛ ብቻ ነው አለ። በቃ። መሐንዲሱ የባለሙያውን ሥራ ለመፈተሽ፣ ባለሙያውም መሐንዲሱን ለመስማት ተገደደ። ዛሬ ዴንማርክ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ ከነፋስ ነው።

እኛ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። እያንዳንዱ አጠገቡ ሸክላ ሠሪ፣ ብየዳ ቤት፣ በጠዋት ምጣድ ብዛት የሚያቃስት ትራንስፎርመር አለው። ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመብራት አገልግሎቱ የትኛው ሰፈር በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ መረጃውን ለተማሪ ይክፈት። የኃይል ጥናት የሚገመግም ጉባኤ ቢያንስ አንድ አምራችና አንዲት ጋጋሪ ያስቀምጥ፤ ጥያቄያቸውም እንደ ፕሮፌሰሩ ጥያቄ ነጥብ ይኑረው። የመምህሩ ዕድገት በጆርናል ብቻ ሳይሆን ሥራው በገባባቸው ቤቶች ብዛትም ይለካ።

እናንተም ዘንድሮ ርዕስ የምትመርጡ ተመራቂዎች፣ አማካሪያችሁን ከማናገራችሁ በፊት አንድ ጠዋት እናታችሁ ጭስ ውስጥ ተቀመጡ። ርዕሱ እዚያው አለ። ስትጨርሱም ጥራዙን ለቤተ መጻሕፍቱ፣ ምጣዱን ለእሷ ስጧት። «ይሄ አይረባም» ካለቻችሁ ገና አልተመረቃችሁም።