ፈንግልን ብቻ አትክሰሱ፤ ጉምቦሮም አለ

ሾላ ገበያ ዶሮ የሚሸጥበት ጋ ቆም ብላችሁ ገዢውን ተመልከቱ። ዶሮዋን አንስቶ ይመዝናል፣ ደረቷን ዳበስ ያደርጋል፣ ዋጋ ይከራከራል። "ምን ምን ተከትባለች?" የሚል ሰው ግን እኔ አልገጠመኝም።

የሥጋ ዶሮ እርባታ የጀመሩ እኩዮቼ ሲከስሩ መጀመሪያ የሚሰደበው የፈንግል ክትባት ነው። "ከተብን፣ አለቁ" ይላሉ። ክትባቱ ቀዝቃዛ ቦታ ሳይቀመጥ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ሌላ ቫይረስ ቀድሞ መግባቱ ነው።

ዶሮ ከፊንጢጣዋ በላይ ቡርሳ የሚባል ትንሽ ከረጢት አላት። በሽታ የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርቱት ሴሎች የሚበስሉት እዚያ ነው። (ለሰውም የምንጠቀምበት "ቢ ሴል" የሚለው ስም ከዚችው የዶሮ ከረጢት የተወሰደ ነው፤ ይገርማል አይደል?) ጉምቦሮ የሚያጠቃው ቀጥታ ይህን ከረጢት ነው። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ዕድሜ ከያዘ ምልክቱ ይታያል፣ ይገድላልም። ከ3 ሳምንት በፊት ከያዘ ግን ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። ጫጩቷ ትበላለች፣ ትሯሯጣለች፣ ውስጧ ግን መከላከያ የለም። የፈንግል ክትባት ብትሰጧት ምላሽ የሚሰጠው ማን ነው? የማሬክ ወይም የዶሮ ደም ማነስ ቫይረስ ሲደረብባት ደግሞ "ቲ ሴል" የሚባሉትም ይመታሉ፤ ከዚያ ተራ ኢ ኮላይ ሳይቀር ይጨርሳታል።

ጉምቦሮ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ ሪፖርት የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2002 ቢሾፍቱ፣ በአንድ የግል እርባታ ነው። ክትባቱም እዚያው ቢሾፍቱ ባለው የመንግሥት ማምረቻ ይመረታል። ስለዚህ "መድኃኒት የለም" የሚለው አያስኬድም።

ኢኮኖሚክስ ስንማር "ኤክስተርናሊቲ" የሚሉት ነገር ነበር፤ ትርፉ ያንተ፣ ኪሳራው የጎረቤት። መንጋው መታመም ሲጀምር ሳይሞት በፊት ወደ ገበያ መጫን ለሻጩ ያዋጣዋል። ቫይረሱ ግን በሳጥኑና በጫማው ተሳፍሮ ሌላ ሰው ቤት ይገባል፣ ባዶ ቤት ውስጥም ለወራት ይቆያል። ሻጩን በምክር ብቻ መመለስ አይቻልም። ገዢው ካልጠየቀ፣ በደንብ የከተበውም ያልከተበውም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ከታቢው ለምን ይድከም?

ለበዓል ብላችሁ ጫጩት ልታስገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማሬክ በተፈለፈሉበት ቀን ተሰጥቷቸዋል? እናቶቻቸውስ ለጉምቦሮ ተከትበዋል? ቀኑን በወረቀት ጽፎ የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ቀጣዩ ጋ ሂዱ።