ቤት ከመግዛት በፊት የምርመራውን ሪፖርት አጥብቆ ማንበብ

ሰው በቅሎ ሲገዛ ጥርስዋን ገልጦ ዕድሜዋን ሳያይ፥ ኮቴዋን አንሥቶ ሳይመረምር፥ ጥቂት መንገድም ሳያስኬዳት ገንዘቡን አይቆጥርም። ቤት ሲገዛ ግን፥ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚያወጣበት ነገር ሆኖ ሳለ፥ የሳሎኑን ስፋትና የግድግዳውን አዲስ ቀለም አይቶ ብቻ ይፈርማል። ስለ ጤና አጠባበቅ በሚነገርበት በዚህ ጽሑፍ ስለ ቤት ግዢ መናገራችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ቤት ማለት ቤተ ሰብ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍስበት አየር፥ የሚጠጣው ውሃና የሚያስወግደው ቆሻሻ የሚገናኙበት ስፍራ ነው። ስለዚህ የቤቱን ጤና ሳያውቅ ቤት የሚገዛ ሰው የቤተ ሰቡን ጤና ሳያውቅ ይሸጣል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ቤትን ከመግዛት በፊት በባለሙያ አስመርምሮ በጽሑፍ ሪፖርት መቀበል ሥር ሰዶ የሚገኝበት አገር እንግሊዝ ነው። በዚያ አገር ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ቤት ለመግዛት የሚነሡ አሉ። ስለዚህ ነገሩን በእንግሊዝ አገር ልማድ እንገልጣለን፤ በመጨረሻም ለእኛ ምን ትምህርት እንደሚሰጥ እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የቤት ምርመራ ከጤና ጋር ምን ያህል የተቆራኘ እንደ ሆነ አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳናል። በ1854 በሎንዶን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር፥ ብሮድ ስትሪት በሚባለው ጎዳና አካባቢ፥ ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው የሚመጣው ከጎዳናው የውሃ ፓምፕ መሆኑን አስረዳ። ይሁን እንጂ ጉድጓዱ መጀመሪያ ሲመረመር አንዳች እንከን አልተገኘበትም ነበር። ኋላ ሄንሪ ኋይትሄድ የተባለው የሰፈሩ ቄስ ቤት ለቤት ሲጠይቅ፥ ከፓምፑ አጠገብ ባለው በ40 ቁጥር ቤት የምትኖር ሕፃን ከሁሉ አስቀድማ በተቅማጥ እንደ ታመመችና የጨርቋ እጣቢ በቤቱ የእዳሪ ጉድጓድ ይደፋ እንደ ነበር ተረዳ። በዚህም ምክንያት በ1855 አንድ መርማሪ መሬቱን አስቆፍሮ ተመለከተ። የእዳሪው ጉድጓድ የጡብ ግንብ በስብሶ፥ ከመጠጥ ውሃው ጉድጓድም አንድ ሜትር እንኳ ሳይርቅ፥ እድፉ በአፈሩ ውስጥ ወደ ውሃው ሲሰርግ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የቤት ጉድለት ሰው የሚገድል መሆኑ ነው። ሁለተኛውም፥ «ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘም» ማለት «ምንም የለም» ማለት አለመሆኑ ነው። ዛሬ የቤት ምርመራ ሪፖርት በእጁ የሚገባ ሰው ሁሉ ይህን ሁለተኛውን ቃል በልቡ ይጻፈው እንላለን።

በእንግሊዝ አገር የቤት መርማሪዎች የሚተዳደሩበት ትልቁ ማኅበር በ1868 የተቋቋመ ሲሆን በ1881 የንግሥቲቱን የፈቃድ ደብዳቤ ተቀብሏል። ይኸው ማኅበር ከ1921 አንድ መቶ ዓመት በኋላ፥ ማለት በ2021፥ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ምርመራውን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። አንደኛው ደረጃ አጭር ምርመራ ነው፤ በተለመደ አሠራር ለተሠራና በደኅና ሁኔታ ላለ ቤት ይበቃል። ሁለተኛው ከዚያ ሰፋ ያለ ነው። ሦስተኛው ለአሮጌ፥ ለተጎሳቆለ፥ ወይም ብዙ ጊዜ ለተለዋወጠና ለተቀጠለ ቤት የሚያስፈልግ ጥልቅ ምርመራ ነው። ዕድሜው መቶ ዓመት ያለፈውን ቤት የሚገዛ ሰው ጥቂት ገንዘብ ለማትረፍ ሲል አንደኛውን ደረጃ ቢያዝ፥ ቊስሉን ደብቆ ሐኪሙን ምላሱን ብቻ እንዲያይለት እንደሚጠይቅ በሽተኛ ይቈጠራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ባንኩ ሰው ልኮ ቤቱን አስገምቶአል፤ ሁለተኛ ምርመራ ለምን ያስፈልጋል?» ይላል። የባንኩ ገማች ግን የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ተበዳሪው ዕዳውን ባይከፍል ቤቱ ተሸጦ ብድሩን ይመልሳል ወይስ አይመልስም የሚለው ነው። ቤቱን ሳያይ በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ የሚገምትበትም ጊዜ አለ። እርሱ የባንኩን ገንዘብ ይጠብቃል እንጂ የልጆችን ሳንባ አይጠብቅም። ሻጩም ቢሆን ለሚጠየቀው ጥያቄ በሐሰት እንዳይመልስ ሕግ ይከለክለዋል እንጂ፥ የቤቱን የአካል ጉድለት ፈልጎ ማግኘት የገዢው ድርሻ ነው።

ሪፖርቱ በእጅ ሲገባ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ቀለሙ ነው። ለጣራው፥ ለግድግዳው፥ ለመስኮቱ፥ ለፍሳሹ፥ ለእያንዳንዱ የቤት ክፍል ቁጥርና ቀለም ይሰጠዋል። 1 ቁጥር አረንጓዴ ነው፤ ለጊዜው ከተለመደው እንክብካቤ በቀር ጥገና አያስፈልገውም ማለት ነው። 2 ቁጥር ብርቱካንማ ነው፤ ጥገና ያስፈልገዋል፥ ነገር ግን አያስቸኩልም። 3 ቁጥር ቀይ ነው፤ ጉድለቱ ብርቱ ነው፥ ወይም በቶሎ መጠገን፥ መለወጥ፥ ወይም መመርመር አለበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንዳንዱ ቀይ ባየ ጊዜ ደንግጦ ጥሩ ቤት ጥሎ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ አረንጓዴዎቹን ቈጥሮ «ከቀዮቹ ይበልጣሉ» ብሎ ይፈርማል። ሁለቱም አላነበቡም። ቀይ ምልክት አንዳንድ ጊዜ የተሰበረ ነገር አለ ማለት ሳይሆን «አላወቅሁምና ይመርመር» ማለት ነው። የኤሌክትሪኩ መስመር በቅርብ ጊዜ የተመረመረበት ወረቀት ካልታየ፥ መስመሩ ደኅና ቢሆንም ቀይ ሊሰጠው ይችላል። እንዲህ ያለው በአንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ምርመራ ይፈታል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ዐረፍተ ነገር ማንበብ ይገባል።

ከሁሉም ይልቅ አጥብቀን የምናሳስበው፥ መርማሪው ምን እንዳላየ የሚናገርበትን ክፍል እንዳይዘሉት ነው። መርማሪ ግድግዳ አያፈርስም፤ የተነጠፈ ምንጣፍ አያነሣም፤ ከባድ ዕቃ አያንቀሳቅስም። የኤሌክትሪኩን፥ የጋዙንና የውሃውን መስመር በመሣሪያ አይፈትንም። መሰላሉም ከመሬት እስከ 3 ሜትር ከፍታ ድረስ ላለ ጣራ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከታች ሆኖ ይመለከታል። ስለዚህ በሪፖርቱ ውስጥ «አልተመረመረም»፥ «በዕቃ ስለ ተሸፈነ አልታየም»፥ «የፍሳሹ ጉድጓድ ክዳን አልተነሣም» የሚሉት ቃላት ተራ ማሳበቢያዎች አይደሉም። የብሮድ ስትሪት ጉድጓድ መሬቱ ሳይቆፈር ንጹሕ መስሎ እንደ ነበረ እናስታውስ። አስተዋይ ገዢ እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ በቀይ እርሳስ አስምሮ፥ ለእያንዳንዱ «ይህን ማን ያይልኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ለፍሳሹ ቱቦ ካሜራ የሚያስገባ ባለሙያ አለ፤ ለጋዙ ምድጃና ለውሃ ማሞቂያው የተመዘገበ የጋዝ ሠራተኛ አለ። የተበላሸ ምድጃ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው፥ ሰውን በእንቅልፉ የሚገድል ጋዝ ነውና።

በእንግሊዝ አገር ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቃል እርጥበት ነው። እርጥበት በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ከመሬት ወደ ግድግዳ ሲወጣ ነው። ይህን ለመከልከል በግድግዳው ግርጌ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይደረጋል፤ የውጭው መሬትም ከዚህ ንጣፍ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ሁለተኛው ከተሰበረ አሸንዳ ወይም ከጣራ ዘልቆ ሲገባ ነው። ሦስተኛው የሰው እስትንፋስ፥ የማብሰያና የመታጠቢያ እንፋሎት በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ወደ ውሃ ሲለወጥ ነው። የሦስቱ መድኃኒት የተለያየ ስለ ሆነ፥ ሪፖርቱ «እርጥበት አለ» ብሎ ብቻ ካለፈ መርማሪውን «ከየት የመጣ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እርጥበት መለኪያው መሣሪያ ለእንጨት የተሠራ ስለ ሆነ በልስን ላይ የሚያሳየው ቁጥር ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። መድኃኒት ሸጦ የሚተዳደር ነጋዴም «በነጻ ልመርምርልህ» ቢል፥ ምርመራው በሽያጩ እንደሚያልቅ አስቀድሞ መገመት ነው።

እርጥበት ሻጋታን ይወልዳል፤ ሻጋታም የሕፃናትንና የአስም ሕሙማንን መተንፈሻ ይጎዳል። በ2020 ሮችዴል በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። በ2022 የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረው ሹም፥ ሞቱ የመጣው በሚኖርበት የኪራይ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሻጋታ ከመተንፈሱ የተነሣ መሆኑን ወሰነ። ወላጆቹ ስለ ሻጋታው ደጋግመው አመልክተው ነበር። ይህ ሐዘን በ2023 በወጣው ሕግ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች እንዲህ ያለውን ጉድለት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስወግዱ የሚያስገድድ ድንጋጌ እንዲገባ አድርጓል። ተከራይ በአከራዩ ላይ ይጮኻል፤ የገዛ ሰው ግን የሚጮኽበት የለውም፤ የሻጋታው ባለቤት ራሱ ነው።

ሌሎችም የተሸሸጉ ጠላቶች አሉ። አስቤስቶስ በብሪታንያ ፈጽሞ የተከለከለው በ1999 ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ኮርኒስ፥ ጣራ ወይም ቱቦ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሳይነካ በደኅና ሁኔታ ካለ ብዙ አያሠጋም፤ ሲበሳና ሲቆረጥ ግን ብናኙ በሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነቀርሳ ያመጣል። ከ1970 በፊት በተሠሩ ቤቶች የእርሳስ የውሃ ቧንቧ ሊኖር ይችላል፤ እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እንደ ኮርንዎልና ዴቨን ባሉ አውራጃዎች ደግሞ ከምድር የሚወጣው ራዶን የተባለው ጨረር ያለው ጋዝ የሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ነው። ሪፖርቱ ከእነዚህ አንዱን ስም ካነሣ፥ ስሙ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም።

እንግዲህ ሪፖርቱን ያነበበ ሰው ምን ያድርግ? በእንግሊዝና በዌልስ ሁለቱ ወገኖች ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ገዢው ሳይከሰስ ሊመለስ ይችላል፤ ውሉ ከተለዋወጠ በኋላ ግን፥ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ከመቶ ዐሥር የሚሆነውን ቀብድ ያጣል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከዚያ ቀን በፊት ይለቅ። መጀመሪያ ለመርማሪው ስልክ ይደወል፤ «ቤቱ የራስህ ቢሆን አስቀድመህ ምን ታሠራለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ቀጥሎ ጥገናው ስንት እንደሚያስወጣ ከሠራተኞች በጽሑፍ ዋጋ ይቅረብ። ከዚያም ያንን ይዞ ሻጩን ዋጋ እንዲቀንስ ወይም እንዲጠግን መጠየቅ፥ እምቢ ቢልም መተው ይቻላል። በስኮትላንድ ግን ሥርዓቱ የተለየ ነው፤ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ሻጩ ራሱ ቤቱን አስመርምሮ ሪፖርቱን ለገዢዎች ማቅረብ አለበት። ይህ ሥርዓት የተሻለ መስሎ ይታየናል፤ ጉድለቱ ሰው ልቡን በቤቱ ላይ ከመጣሉ በፊት ይታወቃልና። በእንግሊዝ ግን ገዢው ቤቱን ከወደደው በኋላ ስለሚያስመረምር፥ ሪፖርቱን የሚያነበው እውነቱን ለማወቅ ሳይሆን ፈቃድ ለማግኘት ይሆናል። የወደደ ዓይን ደግሞ እንከን አያይም።

«የመርማሪው ዋጋ ብዙ ነው» የሚሉንን አንነቅፋቸውም፤ ቤት ለሚገዛ ሰው እያንዳንዱ ሣንቲም የተቈጠረ ነው። ነገር ግን የመርማሪው ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ያልታየ የበሰበሰ ወለልና ያልታየ የተሰበረ ቱቦ ግን በየዓመቱ ያስከፍላሉ፤ የሐኪምም ዋጋ ይጨምሩበታል። ከፍሎ አስመርምሮ ሪፖርቱን በመሳቢያ የሚያኖር ሰው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ እርሱ የገዛው እውቀት ሳይሆን የልብ ማረፊያ ነው።

ለእኛስ? በአገራችን ቤት የሚገዛ ሰው እንዲህ ያለ በቁጥርና በቀለም የተከፋፈለ ሪፖርት ባያገኝም፥ አንድ የታመነ ግንበኛና አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ይዞ መሄድ አያቅተውም። የግድግዳው ግርጌ ይዳሰስ፤ የጣራው ውሃ ወዴት እንደሚፈስ ይታይ፤ የማድ ቤቱ ጢስ በየት እንደሚወጣ ይጠየቅ። የውሃ ጉድጓድ ያለበት ግቢ ከሆነ፥ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ፥ የጎረቤቱም ጭምር፥ ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የታየውም፥ ያልታየውም፥ የተበላሸውም በወረቀት ይጻፍ። አስተማሪዎችም ተማሪዎቻቸውን የትምህርት ቤታቸውን ጣራ፥ ግድግዳ፥ ውሃና ሽንት ቤት አስመርምረው፥ ያዩትን በአንድ ዐምድ፥ ያላዩትን በሌላ ዐምድ ቢያጽፉአቸው፥ ለዕድሜ ልክ የሚጠቅም ትምህርት ይሆናል። ያላየውን «አላየሁም» ብሎ የሚጽፍ ልጅ፥ ነገ አድጎ ቤት በሚገዛበት ቀን በአዲስ ቀለም አይታለልም።